ጅቡቲ ላይ አንዱ ሲታመም ሌላው ምን ያድርግ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጥቅምት ገብቶ የጅቡቲ ሙቀት በረድ ሲል፣ ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከድሬዳዋ ተነሥተው ወደዚያ ይወርዳሉ። አንዱ አዛውንት እናቱን ይዞ ነው፤ ሌላው ሙሽራውን፤ ነጋዴው ደግሞ ረዳቱን። በየጋዜጣው የሚወጡት የጉዞ ጽሑፎች ስለ ዓሣው፣ ስለ ደሴቶቹና ስለ አሳል ሐይቅ በደንብ ይነግሩናል። ከደጋ ወርደው ሙቀት ውስጥ ከገቡት መካከል አንዱ መታመሙ የተለመደ ነገር መሆኑን ግን ሁልጊዜ ይዘልሉታል። እኛ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሁለት ሰዎች፣ አንዳችን ነርስ አንዳችን አስጎብኚ ነን። የተዘለለው ገጽ እንዲሞላ እንፈልጋለን።

በእኛ ዘንድ በሽተኛን ጥሎ መውጣት ነውር ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ማንም እንዲተወው አንመክርም። ነገር ግን ይህ ልማድ የተሠራው ለቤት ነው። ቤት ውስጥ አስታማሚው አንድ ሰው አይደለም፤ ጎረቤት ውሃ ይቀዳል፣ እህት አጥሚት ታገነፋለች፣ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ሌሊቱን በተራ ያድራሉ። ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ ያ ሁሉ ሰው በአንድ አስታማሚ ይተካል። እሱም ነውር እንዳይሆንበት ሲል ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ ውሃው ያልቃል፣ መድኃኒቱ አይገኝም፣ በ3ኛው ቀን እንቅልፍና ምግብ ያጣው አስታማሚ ራሱ ይወድቃል። ታማሚውም «በእኔ ምክንያት ባሕሩን ሳያይ ሊመለስ ነው» እያለ ሲጨነቅ ይውላል። ስለዚህ አስታማሚው ይውጣ፤ ከተማዋንም ይያት እንላለን። አወጣጡ ግን በሰዓት የተለካና ከታማሚው ጋር የተስማሙበት ይሁን።

ከሁሉ በፊት ለ5 ደቂቃ እንኳ መውጣት የማይገባበትን ሁኔታ እንናገር። ታማሚው ግራ ከተጋባ ወይም የሚናገረው ካልተያያዘ፣ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ተቅማጡ የሩዝ ውሃ መስሎ ያለማቋረጥ ከወረደ፣ የሚጠጣውን ሁሉ እያስመለሰ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ፣ ከ8 ሰዓት በላይ ሽንቱን ካልሸና፣ ወይም ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ከደረሰ ጉብኝት የለም፤ አብሮ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ኮሌራ ሊሆን ይችላል፤ አንድን ጎልማሳ በሰዓታት ውስጥ አድርቆ ይገድላል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ምልክቱ ቀላል ቢመስልም ለብቻቸው አይተዉም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት ከሆነ ተቅማጡ በጀመረበት ቀን ሐኪም ይጠየቅ። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን፣ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊትና ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ሰውነቱ ውሃ ባጣ ሰው ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ሊያስቆማቸው ይችላል። በራስ ሥልጣን ማቆምም ሆነ መቀጠል ትክክል አይደለም።

ሕዝባችን በጣም የሚሳሳትበት ትኩሳት ላይ ነው። «ጅቡቲ አሸዋና ሲሚንቶ ነው፣ ወባ የለበትም» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ድሮ እውነትነት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አገሪቱ ያስመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል፣ መነሻዋ ደቡብ እስያ የሆነ የወባ ትንኝ እዚያ ተገኘች፤ በ2020 የሕሙማኑ ቁጥር ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ጣሪያ ላይ በተቀመጠ ሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ የከተማ ትንኝ ናት። የእኛዋ ድሬዳዋም በ2022 በዚህችው ትንኝ ምክንያት ከባድ የወባ ወረርሽኝ ደርሶባታል። ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ በልጅነቱ ወባ ስላልለመደው ሲይዘው ይጸናበታል።

እዚህ ላይ የቀን ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። ወባ ያለባት ትንኝ ከነከሰች በኋላ ትኩሳት ለመነሣት ቢያንስ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ነው። እንግዲህ ጅቡቲ በገቡ በ2ኛው ቀን የሚነሣ ትኩሳት የጅቡቲ ወባ አይደለም። ነገር ግን ታማሚው ከጉዞው በፊት በነበሩት ሳምንታት መተሐራ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቆላ ሰንብቶ ከሆነ ከዚያው ይዞት የመጣው ወባ ሊሆን ይችላልና ደሙ ይመርመር።

ምርመራው ላይም አንድ ጥንቃቄ አለ። ጣት ተበስቶ በ15 ደቂቃ ገደማ ውጤቱ የሚነገረው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ነው። በአፍሪካ ቀንድ፣ በጅቡቲም በኤርትራም በኢትዮጵያም፣ ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የወባ ጥገኛዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ ፈጣኑ ምርመራ «የለም» ሲል ወባ ላይኖር ይችላል፤ ምርመራው ሳያየው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ ከቀጠለ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ፣ በማግሥቱም ማስደገም ያስፈልጋል።

ጅቡቲ ውስጥ ደንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታም አለ፤ በ2019 እና 2020 ደግሞ ቺኩንጉንያ ነበር። ሁለቱም ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ ሕመምና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያመጣሉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይወሰዱም፤ ደም መፍሰስ ያባብሳሉ። ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ብቻ ነው። እሱም ቢሆን መጠኑ ይታይ። የጅቡቲ ፋርማሲ መድኃኒቱን ከፈረንሳይ ስለሚያስመጣ ፓራሲታሞልን በአብዛኛው የሚያገኙት ዶሊፕራን ወይም ኤፌራልጋን በሚል ስም ነው፤ አንዱ ክኒን 1,000 ሚሊ ግራም የሆነበት ማሸጊያም ብዙ ነው። እኛ አገር የለመድነው 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ሁለት አድርገን መዋጥ ነው። በዚያ ልማድ ሁለት የ1,000 የዋጠ ሰው በአንድ ጊዜ 2 ግራም ወሰደ ማለት ነው። የጎልማሳ የቀን ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ ለደከመና ምግብ ላልበላ ሰው ከ3 ግራም ባያልፍ ይሻላል፤ በአንዱና በሚቀጥለው አወሳሰድ መካከልም ቢያንስ 6 ሰዓት ይለፍ።

ተቅማጥና ትውከት ከትኩሳት የበለጠ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ። ከአገር ቤት 6 ፓኬት ይዞ መሄድ ሻንጣ አያከብድም። ስሕተቱ የሚመጣው ሲበጠበጥ ነው። የእኛ ፓኬት ለ1 ሊትር ውሃ ነው፤ እዚያ ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘው ግን ለ200 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ለአንድ ብርጭቆ የተሠራ ሊሆን ይችላልና ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ። የሊትሩን ፓኬት በብርጭቆ መበጥበጥ ጨው ማጠጣት ነው፤ ሕፃን ላይ አደገኛ ነው። ትልቁ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ 1.5 ሊትር ስለሆነ ፓኬቱ ከመጨመሩ በፊት ሲሶው ይቀነስ። የቧንቧ ውሃውን አይጠቀሙ። የጅቡቲ ከተማ የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ ነው፤ ከኢትዮጵያ ምድር እ.ኤ.አ. በ2017 የተዘረጋው የውሃ መስመር ነገሩን ቢያሻሽለውም፣ ከሆቴል ቧንቧ የሚቀዳው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ጨው ባለው ውሃ ላይ ጨው ያለው ዱቄት ሲጨመር መጠኑ ይዛባል። የታሸገ ውሃ ይሁን። ፓኬት ከጠፋ በ1 ሊትር የታሸገ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ተደርጎ ተስተካክሎ፣ ይበጠበጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።

አጠጣጡም እንደዚሁ ነው። የጠማው ሰው አንዴ ከጨለጠ ያስመልሰዋል። ካስመለሰ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ በየ2 ወይም 3 ደቂቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ይውሰድ። ሆዱ ሲቀበል ወደ ጉንጭ ጉንጭ ይሻገራል፤ ከዚያ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ተቅማጥ የሚያቆመውን ሎፔራማይድ ትኩሳት ወይም ደም ላለበት ሰው አይስጡ፤ መርዙን ሆድ ውስጥ ይዘጋበታል። ሲፕሮፍሎክሳሲንን እንደ ከረሜላ ገዝቶ መጀመርም ጥሩ ልማድ አይደለም። አብዛኛው የመንገድ ተቅማጥ በ2 እና በ3 ቀን ያለ አንቲባዮቲክ ይቆማል።

ታማሚው ከላይ የዘረዘርነው የአደጋ ምልክት ከሌለበት፣ ጠጥቶ ሆዱ ከያዘለትና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አሁን ክፍሉ ይዘጋጅ። በአልጋው ቀኝ ክንዱ በሚደርስበት ቦታ የተበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ፣ የታሸገ ውሃ፣ ብርጭቆና ማንኪያ፤ መሬት ላይ ባልዲና ፎጣ። ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ ከትራሱ አጠገብ ይሁን። አየር ማቀዝቀዣው 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይደረግ። በ18 ዲግሪ በርዶ ያደረ ሰው መታጠቢያ ቤት ሲገባ ሙቀቱ ይመታዋል፤ የተዳከመ ሰው ደግሞ እዚያው ራሱ ይዞርና ይወድቃል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ አይቆለፍ። የክፍሉን በር ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን በኪስ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ ትርፍ ቁልፍ እንግዳ መቀበያው ጋ ይቀመጥ። የሽንት ቤቱ መቀመጫና መያዣው በበረኪና ይጠረግ፤ እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። አልኮል ያለበት ጄል ለአንዳንዱ የተቅማጥ ቫይረስ አይበቃም።

ስምምነቱ እንዲህ ነው፤ «በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ፤ በመካከሉ አንዴ እደውላለሁ።» ሲደወል ካልተነሣ 5 ደቂቃ ጠብቆ ይደገም። ሁለተኛውም ካልተነሣ እንግዳ መቀበያው ይደወልና ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳ፤ አስታማሚውም ፊቱን ወደ ሆቴሉ ያዙር። ስለዚህ ክፍል ሲያዝ ውብ እይታ ሳይሆን ሌሊት የሚሠራ እንግዳ መቀበያ፣ ጄኔሬተርና በቅርቡ ፋርማሲ መኖሩን መጠየቅ ይበልጣል። እኛ የምንመክረው መሀል ከተማውን፣ የምኒልክ አደባባይን አካባቢ ነው። ጅቡቲ ከደረሱ በኋላ የአገሩን ሲም ካርድ ማውጣትም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ይሁን።

ደግነቱ የጅቡቲ የቀን አዋዋል ራሱ ለአስታማሚ የተመቸ ነው። ከተማዋ በጠዋት ትነቃለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትተኛለች፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ሱቆቿ እንደገና ይከፈታሉ። ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ውጭ የሚሠራ ነገር ስለማይኖር ያ ሰዓት የታማሚው ነው። በተለይ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ከሐረርጌ የሚመጣው ጫት ከተማ ሲደርስ ታክሲ ማግኘት ይቸግራልና የውሃና የመድኃኒት ግዢ ከዚያ በፊት ይለቅ። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ አብዛኛው ቤት ዝግ ስለሚሆን ሐሙስ ማታ ለሁለት ቀን የሚበቃ ነገር ይገዛ። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ለታማሚው የሚሆነው ምግብ ከሆቴሉ ጋር አስቀድሞ ይነጋገሩበት።

የመጀመሪያው ዙር ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጠዋት ውስጥ 45 ደቂቃ ይሁን። ምኒልክ አደባባይ በይፋ የሚጠራው አገሪቱ ነፃ በወጣችበት ቀን፣ በጁን 27 ቀን 1977 ነው፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም በንጉሠ ነገሥታችን ስም ይጠራዋል። ዙሪያውን ያሉት ነጫጭ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ቅስት በቅስት ስለሆነ በጥላ ሥር እየሄዱ መዞር ይቻላል። ፋርማሲው፣ ውሃው፣ የሲም ካርዱም ጉዳይ በዚሁ ዙር ይጠናቀቃል። ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች፣ ሳሪፍሌ የሚባሉት፣ ቦርሳቸውን ይዘው መንገድ ዳር ተቀምጠው ይገኛሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.72 የታሰረ ስለሆነ ዶላር የያዘ ሰው ስሌቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ለሕክምና የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከጉብኝቱ ተለይቶ በፖስታ ይቀመጥ።

ታማሚው ሲሻለው ሁለተኛው ዙር 1 ሰዓት ተኩል ሊሆን ይችላል። ከአደባባዩ ወደ ደቡብ ትንሽ በእግር ሲኬድ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይና እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ይገኛል፤ አጠገቡ ያለው ገበያ በጠዋት ሕይወት ነው። ቅመም፣ ሽቶ፣ ዕጣን፣ የሴቶች ዲራ ጨርቅ ተደርድሮ ይታያል፤ ሙዝና ሽንኩርቱ በአብዛኛው ከእኛው አገር የወጣ ነው፤ ነጋዴውም አማርኛ ይመልሳል። የታሪክ ፍቅር ያለው አስታማሚ አሮጌውን ባቡር ጣቢያ ሳያይ አይመለስ። ለገሃር የምንለው ቃል የወጣው ከፈረንሳይኛው ላ ጋር ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 መዘርጋት የጀመረው ከዚህ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ዛሬ መንገደኛ የሚያወርደው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የናጋድ ጣቢያ ነው።

ለምሽቱ፣ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ሌስካል የሚባለው የጀልባዎች ማረፊያ ይበቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ይገባሉ። ካሜራው ወደ ወደቡ፣ ወደ ድልድይ፣ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ወታደር ሰፈር አይዙር። በጅቡቲ የበርካታ አገሮች ጦር ስለሰፈረ ፖሊስ በፎቶ ጉዳይ አይቀልድም፤ ጣቢያ የተወሰደ አስታማሚ ደግሞ በቀጠሮው ሰዓት አይመለስም። በላ ሲየስታ ዳርቻ መንሸራሸር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጭቃ ይቀራል፣ ሲመለስ ደግሞ ሰው ሳያስበው ይከብባል። ለብቻው የወጣ አስታማሚ አይዋኝ። ለታማሚው የሚወሰድለት ምርጥ ስጦታ የማዕበሉ ድምፅ ነው። 2 ደቂቃ በስልክ ቀድቶ አልጋው አጠገብ ሲከፍቱለት ፊቱ ይፈካል።

ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች፣ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ትልቁ ነጠብጣባም ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ እንዲሁም ከከተማው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ርቆ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው አሳል ሐይቅ፣ እነዚህ ሁሉ ታማሚ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚኬድባቸው አይደሉም። ምክንያቱ ርቀቱ ብቻ አይደለም። ጀልባው ሌሎች መንገደኞችን ጭኗልና በአንድ ሰው ስልክ አይመለስም፤ በአሳል መንገድ ደግሞ ስልክ የማይሰማበት ቦታ አለ። ቡድኑ ሦስት ሰው ከሆነና ታማሚው 24 ሰዓት ሙሉ ያለ ትኩሳትና ያለ ትውከት ከዋለ ብቻ፣ አንዱ ቀርቶ ሌላው ይሂድ። የሆቴል ሠራተኛ በየሰዓቱ እንዲያይለት በክፍያ መነጋገር ለ1 ሰዓት ዙር ይሆናል እንጂ ለሙሉ ቀን አይሆንም።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሐኪሙ «ዊት ኧር» ካለ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ አስተርጓሚው «ስምንት ሰዓት» ብሎ ከመለሰው ታማሚው ከቀትር በኋላ ይመጣና ዝግ ያገኛል። ሁለቱም አገር የሚኖሩት በአንድ ሰዓት ክልል ስለሆነ ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር እየጠቆሙ መስማማት፣ ቀጠሮውንም በወረቀት ማስጻፍ ነው። መድኃኒቱ ላይ የሚጻፈው ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

ጥቂት የፈረንሳይኛ ቃላት ደግሞ በአማርኛ ፊደል ጽፎ መያዝ ይረዳል። ፊየቭር ትኩሳት ነው፣ ዲያሬ ተቅማጥ፣ ቮሚስማን ትውከት። ሐኪሙ «ፓሉ» ካለ ወባ ማለቱ ነው፤ ጉት ኤፔስ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የወባ ደም ምርመራ ነው። ኦርዶናንስ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። ሌሊትና በዓል ቀን ተራ ደርሶት የሚከፍተው ፋርማሲ ፋርማሲ ደ ጋርድ ይባላል፤ የዛሬው ተረኛ የትኛው እንደሆነ እንግዳ መቀበያው ይጠየቅ። ለከባድ ነገር ታክሲውን «ኦፒታል ፔልቲዬ» ማለት ይበቃል፤ ይህ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ታክሲዎቹ ነጭና አረንጓዴ ናቸው፤ ሒሳብ መቁጠሪያ ስለሌላቸው ዋጋ ሳይሳፈሩ ይቁረጡ።

ስለ ምግብ አጭር ነገር እንበል። የየመን ዓሣ፣ ከወገቡ ተሰንጥቆና በቅመም ታሽቶ የሸክላ ምድጃ ውስጥ የሚጠበሰው፣ ለጤነኛው ነው፤ ከምድጃው ሲወጣ ይበላ እንጂ ተጠቅልሎ ወደ ሆቴል አይወሰድ። በዚያ ሙቀት ሁለት ሰዓት የቆየ ዓሣ ሁለተኛ በሽተኛ ይጨምራል። ለታማሚው ነጭ ሩዝ፣ ሙዝ፣ እንጀራችንን የሚመስለው ላሆህ፣ ሚጥሚጣ ያልገባበት፣ ፋፋ የሚባለው የጅቡቲ የሥጋ ሾርባ መረቅ ይስማማዋል። ሐብሐብ ተቆርጦ መንገድ ዳር የቆየ ከሆነ ይቅር። በጾም ወቅት የታመሙ አዛውንት መረቁን አልነካም ካሉ በማባበል ጊዜ አያባክኑ። ሩዙ፣ ሙዙ፣ የድንች ሾርባውና ኦ.አር.ኤሱ የጾም ናቸው።

አስታማሚው ስለ ራሱም ያስብ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ወራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መውጣት አንመክርም። በሌላውም ጊዜ በወጣ ቁጥር ግማሽ ሊትር ውሃ ይዞ ይውጣ፣ ባርኔጣ ያድርግ። ራሱን ካዞረው፣ ላቡ በዝቶ ካቅለሸለሸው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ልብሱን ያርጥብ፣ ይጠጣ። ላቡ ቆሞ ቆዳው ከጋለና ካቃዠው ግን ይህ የሙቀት ምት ነው፤ ያየው ሰው ውሃ እያፈሰሰና እያራገበ ወዲያው ሐኪም ቤት ያድርሰው፤ አእምሮውን በሳተ ሰው አፍ ውሃ አይጨመርም።

መመለሻው ቀን ሲደርስ ተቅማጡ ከቆመ 24 ሰዓት ያልሞላው ሰው ባቡር ላይ አይሳፈር። ከናጋድ እስከ ፉሪ ለቡ ያለው ሐዲድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም የድንበር ፍተሻ አለ፤ ተሰልፎ መቆም ይጠይቃል። ሕመሙ ጉዞውን ካራዘመው ቪዛው ሳያልቅ የኢሚግሬሽን ቢሮ ይጠየቅ፤ ሐኪሙ የሚጽፈው ሰርቲፊካ ሜዲካል ከኦርዶናንሱና ከደረሰኙ ጋር አንድ ላይ ይያዝ።

ለተከበሩ አዘጋጅ ያለን ጥያቄ አንድ ነው። በየዓመቱ ስለ ጅቡቲ ጉዞ ስታትሙ፣ ከሆቴልና ከጀልባው መረጃ ጎን የአደጋ ምልክቶቹን፣ የኦ.አር.ኤስ አበጣበጡንና የፈረንሳይኛ ቃላቱን በአንድ ትንሽ ሳጥን አውጡልን፤ አንባቢ ቆርጦ ፓስፖርቱ ውስጥ ይከተዋል። በሳጥኑ ግርጌም ይህች መስመር ትጨመር፤ ከጅቡቲ ከተመለሱ በኋላ ባሉት 3 ወራት ውስጥ ትኩሳት ከተነሣ፣ አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅ «ጅቡቲ ነበርኩ፤ ደሜ ለወባ ይታይልኝ» ይባል።

ከአክብሮት ጋር
ከድሬዳዋ